ለሲሊንደሩም ቤት ይሰጠው

ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማ አስተዳደር፣
ለከተማችን የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች፣
በየሼዱ ለምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቼና ለጎረቤቶቻችን

ጉዳዩ፦ በየሼዱ ግቢ ለጋዝ ሲሊንደሮች የጋራ ማስቀመጫ እንዲሠራ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

በጅማ ከ20 ዓመት በላይ በብየዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። በርና መስኮት ሠርቻለሁ። የመኪና ቦዲ ጠግኛለሁ። የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲሰበር በሌሊት ተጠርቼ ሄጃለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ እሳት ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን እሳቱን ስለሚመግበው ነገር ነው። ስለ ሲሊንደር።

በመጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ያኔ ገና ለማጅ ነበርኩ። ቀኑ ሐሙስ ነው። ሐሙስ መሆኑን የማልረሳበትን ምክንያት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ከአዲስ አበባ ሲሊንደር የጫነ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። የጊቤን ሸለቆ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ሲንገጫገጭ አድሮ የመጣ ጭነት ነው። ሁለት ጫኝና አውራጆች ላይ ወጡ። መሬት ላይ አሮጌ ጎማ ተጣለ። ሲሊንደሮቹ አንድ በአንድ ጎማው ላይ ይወረወራሉ፣ ይነጥራሉ፣ እኛ ለማጆቹ እየተቀበልን እናንከባልላለን። ሁልጊዜም የሚወርደው እንደዚህ ነበር።

አራተኛው ሲሊንደር ኮፍያ፣ ማለትም ቫልቩን የሚከልለው ክዳን፣ አልነበረውም። ጋዙ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቫልቭ ተራቁቶ ይታያል። ማንም ልብ አላለውም፣ እኔም ጭምር። ጎማውን ስቶ በአንገቱ ድንጋይ ላይ አረፈ።

የዚያን ጊዜው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሲሊንደሩ መጀመሪያ መሬቱን እያረሰ ዞረ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄደ። የጎረቤታችንን የጭቃ ግድግዳ በስቶ ጓዳ ገባ። የቆመው ጉልቻው አጠገብ ነው። የቤቱ እመቤት በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ እዚያው ጉልቻ አጠገብ ነበር የሚቀመጡት። የዚያን ቀን ሂርማታ ገበያ ሄደው ነበር። ሐሙስን ያልረሳሁት ለዚህ ነው።

አብሮኝ የሚማረው ልጅ ግን ከጉዳት አላመለጠም። ሲሊንደሩ ሲዞር ቅልጥሙን መታው። አጥንቱ ተሰበረ። አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ ክረምት ሲገባ ግን ያነክሳል።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰው ተሰበሰበ። «ትርፍ ነው፣ ተመስገን» ተባለ። ግድግዳው ተመረገ። በሳምንቱ ሌላ መኪና መጣ። ያው ጎማ መሬት ላይ ተጣለ።

ሲሊንደሩን እንደ ብረት ቁራጭ ነው የምናየው። ከባድ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ስለዚህ የማይሞት ይመስለናል። ውስጡ ያለውን ግን እስቲ በጀሪካን እንቁጠረው። አንድ የተለመደ የኦክስጅን ሲሊንደር 40 ሊትር ያህል ቦታ አለው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። በ150 ባር ግፊት ሲሞላ 6,000 ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይገባበታል። 300 ጀሪካን ጋዝ በሁለት ጀሪካን ቦታ ታምቆ ተቀምጧል ማለት ነው። የባጃጅ ጎማ 2 ባር ገደማ ነው የሚነፋው። ጎማ ፈንድቶ ሰው ሲጎዳ ያየ ሰው 75 እጥፉን ያስብ። ይህን ሁሉ ይዞ የሚያቆመው አንገቱ ላይ ያለችው ትንሽ የነሐስ ቫልቭ ናት። ኮፍያው የተሠራው ለእሷ ነው። እኛ ግን ኮፍያውን የብሎን ማስቀመጫ አድርገነዋል።

ክብደቱም ቀላል አይደለም። ባዶው ከ50 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ጆንያ ቡና በሉት። ጆንያ ሲወድቅ ግን ቡናው ይፈስሳል እንጂ ግድግዳ አይበሳም።

አሁን ወደ ኦክስጅን ልመለስ። ብዙ ልጆች «ኦክስጅን አየር ነው፣ ምን ያደርጋል» ይሉኛል። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፣ እውነት ነው። ሌላውን ሁሉ ግን ያነዳል። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው 21 በመቶ ገደማ ነው። ጥቂት ከፍ ሲል እንኳ ልብስ፣ ፀጉር፣ እንጨት በሌላ ዓይነት ፍጥነት ይነዳሉ። በጣም የምፈራው አንድ ልማድ አለ። ማታ ሥራ ሲያልቅ ልጆቹ የኦክስጅኑን የጎማ ቱቦ ይዘው ልብሳቸውን አቧራ ያራግፋሉ። ሲሞቃቸውም ደረታቸው ላይ ይነፉታል። ልብሱ ኦክስጅኑን ይይዘዋል። ከዚያ ወጣ ብለው ሲጋራ ይለኩሳሉ፣ ወይም የቡና ከሰል አጠገብ ይቀመጣሉ። ልጆቼ፣ እባካችሁ ይህን ተዉ። አቧራውን በብሩሽ አራግፉት።

ሌላው ዘይት ነው። ቫልቭ ሲጠብቅ ግሪስ የሚቀባ አለ። ለመኪና መልካም ነው፣ ለኦክስጅን ግን ሞት ነው። ዘይትና ግሪስ ከታመቀ ኦክስጅን ጋር ሲገናኙ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። በሞተር ዘይት በጨቀየ ጓንት ሬጉሌተር፣ ማለትም የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን መሣሪያ፣ የሚያስር ሰውም ያው ነው። ፍሪጅ ጠጋኞችም ስሙኝ። የፍሪጅ መስመር የሚያፈስ መሆኑን ለማየት ኦክስጅን የሚሞሉ አሉ። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ዘይት አለ! ለዚህ ሥራ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው፣ እሱም በሬጉሌተር።

ይህ ነገር ቤት ውስጥም ይገባል። ሐኪም አዝዞላቸው ቤታቸው ኦክስጅን የሚወስዱ ሕሙማን አሉ። እኛ ደግሞ ሕመምተኛ ስንጠይቅ ቡና እናፈላለን፣ ከሰል እናነዳለን፣ እጣን እናጨሳለን። ደግነት ነው። ግን ኦክስጅን ባለበት ክፍል ውስጥ አይሁን። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ፀጉር ቅቤ የቀባ እጅም ሳይታጠብ ቫልቩን አይንካ።

ወደ ሼዳችን እንግባ። አሴቲሊን የሚባለውን የሚነድ የብየዳ ጋዝ በሲሊንደር የሚገዛ አለ፣ ካርባይድ የሚባለውን ድንጋይ መሰል ነገር ከውሃ ጋር በበርሜል አፍልቶ ጋዙን የሚያወጣም አለ። ሁለቱም ጠባያቸው ከባድ ነው። አሴቲሊን አየር ውስጥ ከ2.5 በመቶ ጀምሮ እስከ 80 በመቶ ድረስ ይቀጣጠላል። ጥቂት ሲሆንም፣ ብዙ ሲሆንም አደገኛ ነው ማለት ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ብቻውን አይደለም። ስፖንጅ በመሰለ ነገር ውስጥ፣ አሴቶን በሚባል ፈሳሽ ተሟሙቶ ነው የተቀመጠው። ለዚህ ነው ተጋድሞ የማይሠራበት። ተጋድሞ ከመጣ ደግሞ ቆሞ ቢያንስ ጥቂት ሰዓታት ይረፍ። አለበለዚያ አሴቶኑ ከጋዙ ጋር ይወጣል። ከሬጉሌተሩ የሚወጣው ግፊትም ከ1 ባር ማለፍ የለበትም። ከዚያ በላይ ሲታመቅ አየር ሳይነካው በራሱ ሊፈነዳ የሚችል ጋዝ ነው።

የአሴቲሊኑ የጎማ ቱቦ ሲቀደድ በፍሪጅ የመዳብ ቱቦ የሚቀጥል ሰው አይቻለሁ። አሴቲሊን ከመዳብ ጋር ሲቆይ በትንሽ ምት የሚፈነዳ ነገር ይፈጥራል። ለ20 ሳንቲ ሜትር ጎማ ብሎ ሰው ሕይወቱን አይስጥ።

ካርባይድ ደግሞ ለጅማ ተለይቶ የተፈጠረ ጠላት ይመስለኛል። የሚፈራው ውሃን ነው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ቆርቆሮው ያፈስሳል። ወለሉ ይረጥባል። የካርባይዱ በርሜል ክዳኑ ላልቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እርጥበቱ ሲገባ ጋዙ ዝም ብሎ ይወጣል፣ ካርባይዱም ራሱን ያሞቃል። ጠዋት በር ከፍታችሁ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ። ስልክም አትነካኩ። በሩን ከፍታችሁ ወጥታችሁ ጠብቁ። ካርባይድ ባለበት ቦታ እሳት ከተነሳ ደግሞ ውሃ አይረጭበትም፣ ጋዙን ትጨምሩበታላችሁ። ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገባችሁ ይኑር።

የማብሰያ ጋዙን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከአየር ይከብዳል። ሲፈስ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ ወደ ቦይ ይወርዳል። 2 በመቶ ያህል ሲሞላ ክብሪት ይበቃዋል። ሽታ የተጨመረበት እንድናውቀው ነው። ማፍሰሱን በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አትፈትሹ። ሲሊንደሩ ይቁም፣ አይጋደም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በያንዳንዳችን እጅ ያለ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ነው ደብዳቤ የጻፍኩት።

ሼድ ምን እንደሚመስል የማታውቁ ሰዎች ኑና እዩ። በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር እኔ እበይዳለሁ። ከጎኔ አንድ ሐጂ በርጩማና አልጋ ይሠራሉ። የጅማ እንጨት ሥራ ስሙ የታወቀ ነው፣ የሐጂም እጅ የተባረከ ነው። ግን ወለላቸው ሰጋቱራ ነው፣ ግድግዳቸው ጣውላ ነው፣ ቀለማቸው ቫርኒሽ ነው። በመካከላችን ያለው አንድ ላሜራ ነው። ከእነሱ ቀጥላ አንዲት ልጅ ለሠራተኛው ቡናና ሽሮ ትሸጣለች፣ በከሰልና በጋዝ። ሁላችንም የተሰጠን እኩል ነው፤ አንዳንድ ክፍል። ሲሰጡን ለሲሊንደሩ ያሰበ አልነበረም።

ማታ ሲሆን ምን እናደርጋለን? ሲሊንደር ውድ ነው። ደጅ ካደረ ይሰረቃል። ስለዚህ ኦክስጅኑን፣ አሴቲሊኑን፣ ካርባይዱን፣ ሁሉንም ወደ ክፍላችን አስገብተን እንቆልፋለን። ትክክለኛው አሠራር የሚለው ሌላ ነው። ኦክስጅንና የሚነድ ጋዝ ቢያንስ በ6 ሜትር ይራራቁ፣ ካልሆነ እሳት የሚከላከል፣ ከፍታው ከ1.5 ሜትር የማያንስ ግድግዳ በመካከላቸው ይቁም። ይህን ሕግ አውቀዋለሁ። ለልጆቹም አስተምራለሁ። ግን የኔ ክፍል ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር ነው። ስድስቱን ሜትር ከየት ላምጣ?

ሐጂ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያንተ ሲሊንደር ከኔ ሰጋቱራ ጋር ነው የሚያድረው። እኔ ቤቴ ስተኛ እሱን እያሰብኩ ነው።» የምመልስላቸው አጣሁ። እኔም ያንኑ ሳስብ ነው የማድረው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። በማኅበር ተደራጅተን የምንሠራ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም እኛው ነን። ማን ማንን ያስገድዳል? ግቢው የሁሉም ነው፣ ስለዚህ የማንም አልሆነም። በግቢው መካከል አንድ ነገር ለመሥራት ፈቃድ የሚሰጠው አስተዳደሩ ብቻ ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየሼዱ ግቢ፣ ከክፍሎቹ ራቅ ብሎ፣ ለሲሊንደር የጋራ ቤት ይሠራ። ትልቅ ሕንፃ አልጠየቅኩም። ሁለት ክፍል ይበቃል። አንዱ ለኦክስጅን፣ አንዱ ለሚነድ ጋዝ። በመካከላቸው 2 ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬት ግድግዳ። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ ሲሚንቶ፣ ጎርፍ እንዳይነካው። ፊቱ የሽቦ መረብ፣ አየር እንዲያልፍ። ጣሪያው ፀሐይና ዝናብ የሚከልል ቆርቆሮ። በጀርባው በኩል ሰንሰለት፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ቆሞ የሚታሰርበት። ባዶውና ሙሉው ለየብቻ፣ ባዶው ላይም ኮፍያው ይታሰር። ባዶ የምንለው ውስጡ ጋዝ አለው። ቁልፉ ከግቢው ዘበኛ ጋር ይሁን። ካርባይዱ ግን እዚያ ውስጥ አይግባ፤ እሱ ደረቅና የሚከደን የራሱ ሣጥን ይፈልጋል።

ብረቱን የምንበይደው እኛ ነን፣ በነፃ። ይህን ብቻዬን አላልኩም፣ በግቢያችን ያሉ በያጆች ተስማምተናል። አንግሉንና መረቡንም አዋጥተን እንገዛለን። ከአስተዳደሩ የምንፈልገው ቦታውን፣ ፈቃዱንና ብሎኬቱን ነው።

ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ደግሞ ለብቻ የምለው አለኝ። እናንተ ስትጠሩ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቁ ነው ወደ ጭስ የምትገቡት። እሳት ያገኘው የአሴቲሊን ሲሊንደር እሳቱ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላ እንኳ ሊፈነዳ ይችላል። ውስጡ መፈራረስ ከጀመረ ከውጭ አይታይም። ከሩቅና ከከለላ ሆኖ በውሃ ማቀዝቀዝ፣ ሰውን ማራቅ፣ ማንም እንዳያነሳው መከልከል ነው መፍትሔው። ሁሉም ሲሊንደር በአንድ የታወቀ ቤት ቢሆን ግን ገና ከበሩ ስትገቡ ታውቁታላችሁ። በየግቢው በር ላይ ሲሊንደሮቹ የት እንዳሉ የሚያሳይ ሰሌዳ እንስቀል፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። ከክረምት በፊት አንድ ቀን መጥታችሁ ግቢያችንን ብታዩልን ደግሞ ውለታችሁን አንረሳም።

ስለ ማመላለሱም ልናገር። እዚሁ ጅማ ውስጥ ከአጂፕ ሰፈር እስከ መርካቶ ድረስ ሲሊንደር በባጃጅ ሲሄድ አያለሁ። ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጧል፣ ሲሊንደሩ እግሩ ሥር ተጋድሟል፣ ቫልቩ በበሩ በኩል ወጥቷል። ሾፌሩን አልወቅስም፣ እንጀራው ነው። ግን ሲሊንደር ከሰው ጋር አይሳፈር። ክፍት በሆነ መኪና፣ ቆሞ፣ ታስሮ፣ ኮፍያ አድርጎ ይሂድ። በግቢ ውስጥ ደግሞ ባለ ሁለት ጎማ መግፊያ ይበቃል። አንድ በያጅ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። አሮጌ ጎማ ላይ መወርወር ይቅር። ጋዝ የምትሸጡልን ነጋዴዎችም ኮፍያ የሌለው ሲሊንደር አትስጡን፣ እኛም ያለ ኮፍያ ስንመልስ አትቀበሉን። የምርመራ ቀኑ ትከሻው ላይ ተመትቷል፣ አብረን እናንብበው። ቀለሙን ብቻ አይቶ መግዛትም ይቅር፣ ቀለም ይቀባል፣ ይለወጣል። የሚታመነው ጽሑፉ ነው።

ለማጆቼ ሬጉሌተር ሲያስሩ ከፊት ለፊቱ እንዳይቆሙ፣ ቫልቩን ቀስ ብለው እንዲከፍቱ፣ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን መሣሪያ ሳያስሩ እንዳይለኩሱ በየቀኑ እነግራቸዋለሁ። አሁን ይሰሙኛል። ሥራ ሲበዛና ደንበኛ ሲቸኩል ግን ቦታ ያልተሰጠው ነገር ያገኘው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚቀመጠው በሩ ላይ ነው፣ እኛ መውጫ በምናደርገው በር ላይ።

የቤቱን ንድፍ በእርሳስ ስዬዋለሁ። እያንዳንዱ ክፍል 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ነው። በጀርባው ግድግዳ ስምንት ሲሊንደር ቆሞ ይታሰራል። የብሎኬቱን ቁጥርና የአንግሉን ርዝመትም ከጎኑ ጽፌያለሁ። አይቶ የሚያርመው መሐንዲስ ቢገኝ ደስ ይለኛል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ አልይዝም። ወደ የትኛውም ግቢ ጥሩኝ፣ ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የጅማ በያጅ